ለአራት የተቆረጠው መጽሐፍ

«ከሰኞ ጀምሮ ጭንቅላት የምታጥበው እሷ ናት!» አለች አክስት።

ድንቢጥ ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ጀርባ እርጥብ ፎጣ ታቅፋ ቆማ ነው። አክስት ምስጢር ማውራቷ አልነበረም። ካስክ ውስጥ ገብታ ፀጉሯን የምታደርቅ ደንበኛ ጆሮዋ ስለማይሰማ፣ ሐሜቱ ሁሉ በጩኸት ነበር የሚካሄደው፤ አጠገባቸው ያለው ጫማ ሰፊ ሳይቀር የቤቱን ጉዳይ ከቤተሰቡ እኩል ያውቃል። «መጽሐፍ ታቅፋ ትቀመጣለች እንጂ የምታነበው ነገር የላትም! ገጽ ነው የምታገላብጠው! ገጽ ማገላበጥ ደግሞ እንጀራ አይሆንም! የማታውን ትማር፣ ቀን ቀን እጇን እፈልገዋለሁ!» ደንበኛዋ ከካስኩ ውስጥ «ምን አልሽ?» ብላ ጮኸች። አክስት አልሰነፈችም፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገመችው። ድንቢጥም ተመሳሳዩን ስድብ ሁለት ጊዜ ተቀበለች።

ነገሩ ባዶ ፉከራ ቢሆን ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ግን አክስት ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። የቀድሞዋን ጭንቅላት አጣቢ ከሸኘቻት ቆይታለች፣ በምትኳም ማንንም አልቀጠረችም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፦ የቀኑ ክፍል ሞልቶ ስለተጨናነቀ፣ የክረምቱን የንባብ ሥራ ያላለፈ ተማሪ የቀን ቦታውን ለሌላ ለቆ ወደ ማታው ይዛወራል። አክስት ይህንን ስትሰማ ፊቷ ማብራቱ ድንቢጥን እስካሁን ያቃጥላታል። «ካለፈች ትማር፤ እኔ ክፉ አይደለሁም» ነበር ያለችው። እንግዲህ ሁሉም ነገር በአንድ የቃል ፈተና ላይ ተንጠለጠለ። ፈተናው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ድንቢጥ ደግሞ የመጽሐፉን መጀመሪያ ገና አላነበበችውም።

መጨረሻውን ግን አንብባዋለች። ይህ እንዴት ሆነ ለሚል ሰው፣ ጥፋቱ የአራት ጓደኛሞች ነው። የታዘዘው ልቦለድ ወፍራም ነበር፤ አንዲት ሴት ስላቃጠለችው ወፍጮ ቤት የሚተርክ። አራቱ ተዋጥተው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ቅጂ ገዙ። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው ክረምቱን ሙሉ አይዳረስም፤ ስለዚህ ከፀጉር ቤቱ በመጣ ምላጭ ጀርባውን ሰንጥቀው ለአራት ቆረጡት፣ ዕጣም ተጣጣሉ። ለድንቢጥ የደረሳት የመጨረሻው ክፍል ነው። ያነበቡትን ለጎረቤታቸው እያቀበሉ በክብ ሊዞሩ ተስማሙ። ጉዱ የታየው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው፤ ማቀበል የነበረባቸው ወደ ቀኝ ሆኖ ሳለ ወደ ግራ ማቀበል ጀምረዋል። ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ መጽሐፉን በወጉ ከፊት ወደ ኋላ ያነበው ነበር። አሁን ግን አንድም ሰው አልተረፈም። ሲነቁ ደግሞ ለማስተካከል ረፈደ፣ እርስ በርስም ተሰዳደቡ፣ ከዚያ ሳቁና ቀጠሉ። ድንቢጥ ከሁሉም ብሶባት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተንሸራተተች አነበበችው። ሴትዮዋ ወፍጮውን ስታቃጥል በመጀመሪያው ሳምንት አየቻት፤ ምን አናድዷት ይሆን እያለች ክረምቱን በሙሉ ወደ ኋላ ስትከተላት ከረመች።

ይህም ብቻ ቢሆን ጥሩ። የሒሳቡ መልመጃ ነበር፤ እሱን በፎጣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ እየሠራች ጨርሳዋለች፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ የካውያ ሙቀት ያጠወለገው ጠርዝ አለው። የታሪኩ ካርታ ነበር፤ ወንዞቹን የቀባችው በጥፍር ቀለም ስለሆነ ያብረቀርቃሉ። የባዮሎጂው ቅጠል መሰብሰብ ነበር፤ ቅጠሎቹ በሙሉ ደርቀው በጋዜጣ መካከል ተኝተዋል፣ ገና አልተለጠፉም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከፀጉር ቤቱ በስተኋላ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። እሷና እናቷ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ከአልጋው በላይ የሻምፖ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ከካርቶኑ የሚተርፈው ቦታ የእነሱ ነው። ባሏ፣ የድንቢጥ አባት፣ ካረፈ ወዲህ ታላቅ እህቷ አክስት ዘንድ የገባችው እናት በፀጉር ቤቱ ውስጥ ያልሠራችው ሥራ የለም፦ ፎጣ ታጥባለች፣ ማበጠሪያ ትዘፈዝፋለች፣ ከወለሉ ላይ የሰው ፀጉር ትጠርጋለች። አፍ ግን የላትም። አክስት ያን ሁሉ ስትጮህ እናት እዚያው ነበረች፤ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን በመጠን በመጠናቸው እየለየች ወደ ዕቃቸው ትጥላለች። ቀና ብላ መጋረጃውን አየች፣ ከመጋረጃው ሥር የልጇን እግር አየች፣ ተመልሳም ቢጎዲኖቿን ለየች። ድንቢጥ በአክስቷ ከመናደድ ይልቅ በእናቷ ዝምታ ሆድ ባሳት። ይህንን ደግሞ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ኮንዲሽነር እንዳለቀ አይታ «ልግዛ?» አለች፤ መውጫ ሰበብ ነበር። አክስት «ቶሎ ተመለሽ፣ ቅዳሜ መሆኑን አትርሺ» ብላ ለቀቀቻት። ድንቢጥ ቅጠሎቿን ከነጋዜጣቸው፣ የሽፋሽፍት ማጣበቂያውንም ከመሳቢያው አንስታ እግሬ አውጪኝ አለች።

የመጀመሪያው ክፍል ያለው ቀጮ ጋ ነው። ቀጮ ቁመቱ ከበር የሚስተካከል፣ ወንድሙን እያገዘ በገበያ ማዕከሉ ምድር ቤት የስልክ ሽፋን የሚሸጥ የክፍሏ ልጅ ነው። ስትደርስ ሽፋኖቹ በተሰቀሉበት ሰሌዳ ሥር ተቀምጦ ያነባል፤ ገዢ ሲመጣ ወረቀቱን ብብቱ ሥር ይከተዋል።

«አልጨረስኩትም» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ግማሹ ላይ ነኝ።»

«እኔ እኮ አልጀመርኩትም!»

«አውቃለሁ፣ አትጩሂብኝ። አብረን እንጨርሰው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እሱ ከደረሰበት ገጽ ጀምራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፤ እሱ በረጃጅም ጣቶቹ የእሷንም የራሱንም ቅጠሎች በሽፋሽፍት ማጣበቂያ ይለጥፋል። ሰው ሲወጣና ሲወርድ እግራቸውን ይሰበስባሉ። አንዲት ሴትዮ ልብስ የሚሸጥበትን ጠየቀቻቸው፤ ድንቢጥ ከመስመሩ ዓይኗን ሳትነቅል በእጇ አመለከተቻት። ማጣበቂያው ለዓይን ሽፋን የተሠራ ስለሆነ ስስ ቅጠል እንኳን ሳይቀደድ ቁጭ ይላል፤ ቀጮ በሥራው እየተደነቀ «ለካ ይህን ያህል ጥበብ ደብቃችሁን ነው» ይላል። ገጾቹን ጨርሰው እሱ ቀድሞ ወዳነበባቸው የመክፈቻ ገጾች ልትመለስ ስትል ስልኩ ጮኸ። አክስት ናት። አክስት በስልክ ስታወራም ካስክ ውስጥ ላለ ሰው እንደምታወራ ነው፤ ቀጮ ሁሉንም ሰማ። ሦስት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ አጣቢ የለም፣ ኮንዲሽነሩስ የት ደረሰ?

«ያዢው» አለና የቀሩትን ገጾች አስጨበጣት። «እኔ አንብቤዋለሁ። ፈተናው ላይ እንገናኝ። ደግሞ አታልቅሺ፣ ወረቀቱ ይረጥባል።»

አላለቀሰችም፤ አልቅሳ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

ኮንዲሽነሩን ገዝታ ስትመለስ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ቅዳሜ ሰርግም ይኖራል፣ ልደትም ይኖራል፣ ምንም ሳይኖር መቆንጀት ያማራትም ትኖራለች። ግድግዳው ላይ የዋጋው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ መታጠብ ለብቻ፣ መተኮስ ለብቻ፣ ቀለም ለብቻ፤ አክስት በየወሩ ትጨምርበታለች፣ ደንበኞቹም በየወሩ ይጮሁበታል፣ ይመለሳሉም። ድንቢጥ እጅጌዋን ሰብስባ መታጠቢያው ጋ ቆመች። መጀመሪያ የደረሰቻት አንዲት ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ከሥራ በቀጥታ የመጣች፣ ዓይኗ ደም የለበሰ። ወንበሩ ላይ ተንጋልላ አንገቷን ገንዳው ላይ አስደገፈች። ድንቢጥ ገጾቹን ከመስታወቱ ጥግ ሰክታ እያሸች ለማንበብ ሞከረች። አንድ መስመር አንብባ ውኃው የነርሷ ጆሮ ውስጥ ገባ።

«ምንድን ነው የምታነቢው?» አለች ነርሷ፣ ጆሮዋን እያራገፈች። ልትቆጣ ነበር፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ተወችው።

ድንቢጥ ፈተና እንዳለባት፣ ከሰዓት እንደሆነ፣ እነዚህ ገጾች ብቻ እንደቀሯት በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ነርሷ እጇን ዘረጋች። «አምጪው። እኔ እንደሆነ ጣሪያ ከማየት ሌላ ሥራ የለኝም። አንቺ እጠቢ።» ገጾቹን ከፊቷ በላይ ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጋ ይዛ ማንበብ ጀመረች። መድኃኒት አሰጣጥ የምታስረዳ ይመስል ጥርት አድርጋ ነው የምታነበው። ድንቢጥ አጠበችላት፣ አለቀለቀችላት፣ ደግማም አጠበችላት፤ ማንም «አንቺ፣ ጭንቅላቱ እኮ ንጹሕ ነው» አላለም።

ልቦለዱ የሚጀምረው ሴትዮዋ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ወፍጮ ቤት ስትመለስ ነው። አባትየው አርፏል፣ ቁልፉ በወንድምየው እጅ ነው። ወንድምየው ከጆንያዎቹ በስተኋላ ያለችውን ክፍል ይከፍትላታል። ነርሷ አነበበች፦ «አልጋውን አሳያትና፣ ‹እንግዲህ እህቴ፣ እንደ ቤትሽ ቁጠሪው› አላት። እሷም አመሰገነችው። እቃዋን ግን ከሻንጣው አላወጣችም።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ማውራት አቁመው እያዳመጡ ነበር። አክስት የአንዷን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነው፤ እጇ አየር ላይ ቆመ። እናት መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች። ሁለቱ እህትማማቾች በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ያን ዕለት፣ እናት ከነልጇ ስትመጣ፣ አክስት የሻምፖ ካርቶኖቹን ገፋ አድርጋ የተናገረችውን ድንቢጥም ታስታውሳለች፤ ቃል በቃል ይኸው ነበር። ነርሷ ምኑንም ስለማታውቅ ገጹን ገልጣ ቀጠለች፣ የመጨረሻውን መስመር አንብባም ወረቀቶቹን ድንቢጥ ፊት አውለበለበች።

«አለቀ። አሁን ሩጪ!»

አክስት ጉሮሮዋን ጠረገች። «የት ነው የምትሮጠው? ገና ሁለት ጭንቅላት አለ።» ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልጮኸም፤ ግን ትእዛዝ ነበር። «ፈተናው የትም አይሄድም። የማታም ቢሆን ትምህርት ነው።»

ድንቢጥ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ቆመች። እንባዋ አሁን መጣ። ከዚያ የመጥረጊያው እንጨት ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ተሰማ። እናት መጣች፣ ልጇን በትከሻዋ ቀስ አድርጋ ከገንዳው ገፋቻት፣ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

«እኔ አጥባለሁ» አለች። «እሷ ትሂድ።»

«አንቺ?»

«አዎ እኔ፣ እትዬ። ልጄ ፈተና አለባት።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ምን ትጠብቂያለሽ? ፊትሽን ታጠቢና ሂጂ!»

ድንቢጥ ፊቷን አልታጠበችም። ከፀጉር ቤቱ የወጣችው እየበረረች ነው። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ በክርኗ ምሰሶውን አቅፋ ከፈተናው ጋር ስለ መጽሐፉ የምታስረክበውን ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ጻፈች፤ ያን አንድ ገጽ ክረምቱን ሙሉ ባዶ ትታው ነበር የከረመችው። አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ፊደሉ ይዘላል። አጠገቧ የቆመ ሽማግሌ አይቶ አይቶ ቦርሳዋን ያዘላት። የእናቷ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም፤ ደስታው ከፍርሃቱ በለጠባትና ብቻዋን ፈገግ አለች።

ኮሪደሩ ላይ ተማሪው በወረፋ ቆሟል። የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ በሩን ክፍት አድርጋ እያንዳንዱን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ትጠይቃለች፤ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ስለሆነ መልሱ ውጭ ላለው ሁሉ ይሰማል። ሴትዮዋ ወፍጮ ቤቱን ለምን አቃጠለችው? ተናድዳ ነው ይላል አንዱ። ወንድሟ ሊሸጠው ሲል ንዴት አሳበዳት ትላለች ሌላዋ። በጣም ተናድዳ ነው ይላል ሦስተኛው፣ አዲስ ነገር የጨመረ እየመሰለው። ቀጮም ገብቶ ተናድዳ ነው አለ፤ ትንሽ ለየት እንዲል ግን በጥቂቱ አዝናም ነበር ብሎ አከለበትና በጭንቅ አለፈ። መምህርቷ አገጯን በእጇ ደግፋለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የደከማት ሰው ናት።

ድንቢጥ ገባች፣ ጽሑፏን ሰጠች፣ ተቀመጠች። ሹራቧ ፊት ለፊቱ ገና እርጥብ ነው።

«እሺ። ለምን አቃጠለችው?»

«አልተናደደችም፣ ቲቸር።»

መምህርቷ እጇን ከአገጯ አነሳች። «አልተናደደችም?»

ድንቢጥ ምላሷ ሊተሳሰር ነበር። ግን ክረምቱን ሙሉ ያሰበችበት ነገር ነው፤ አንዴ ከጀመረች በኋላ ማን ያቁማት። «ንዴቷን በየገጹ ፈልጌዋለሁ፣ የለም። ወንድሟ ሲሰድባት ሻይ ነው የምታፈላለት። ማሽኑን ሊሸጥ ሲያስጭን አብራ ትጭናለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ‹እንደ ቤትሽ ቁጠሪው› ይላታል። ቤቱ የራሱ ለሆነ ሰው እኮ እንደዚያ አይባልም። አንቺ እንግዳ ነሽ ማለት ነው፣ በትህትና። ከዚያ በኋላ አንድም ዕቃ ከቦታው አታንቀሳቅስም፣ አንድም ነገር አትጠይቅም፣ ወንድሟ ሲገባ ወሬዋን ታቆማለች። ሰዉ ሁሉ ደህና ሴት፣ ዝምተኛ ሴት ይላታል። ወፍጮውን ስታቃጥል ግን ማንንም አላስፈቀደችም። አንድን ነገር ሳያስፈቅድ የፈለገውን የሚያደርገው ባለቤቱ ነው። ያን ቀን ብቻ ነው ቤቷ ውስጥ እንዳለ ሰው የሆነችው። አጥፍታለች፣ ግን በንዴት አይደለም።» ትንፋሽ ወሰደችና ቀስ ብላ ጨመረች። «ማቃጠል አልነበረባትም። ቀደም ብላ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ይበቃት ነበር።»

መምህርቷ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«ይህን ከየት አመጣሽው? መጨረሻውን ሳታውቂ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ ማስተዋል ይቻላል?»

ድንቢጥ ክው አለች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልመጣላትም። መጽሐፉን በምላጭ ለአራት እንደቆረጡት፣ ወደ ግራ እንዳቀባበሉት፣ እሷ ከኋላ ወደ ፊት እንዳነበበችው፣ የመጀመሪያዎቹንም ገጾች ገና ዛሬ አንዲት ነርስ ፀጉሯን እየታጠበች እንዳነበበችላት ተናገረች። መምህርቷ አፏን በእጇ ከደነች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድንቢጥ መሳቋን ይሁን ማልቀሷን መለየት አቃታት። ከዚያ እጇን አንስታ ሳቋን ለቀቀችው፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች።

«ግቡ እዚህ!» ብላ ወደ ኮሪደሩ ተጣራች። ቀጮ ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። «አሁን ያልሽውን ድገሚላቸው። የተናደደች ሴት የለችም፣ ስሙ።»

ድንቢጥ ቆማ ደገመችው። በሁለተኛው ጊዜ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስትጨርስ ማጨብጨብ የጀመረው ቀጮ ነው፤ ከዚያ ክፍሉ ተከተለ። መምህርቷ የስም መዝገቧን ገልጣ «የቀን» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ድንቢጥ ስትወጣ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል። ወደ ቤት የሄደችው በእግሯ ነው፤ ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ አልታወቃትም።

ፀጉር ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረሰች። የመጨረሻዋ ደንበኛ ሂሳብ ከፍላ እየወጣች ነው። እናት ገንዳውን ትፈገፍጋለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ በውኃ ተጨማድዷል፣ ፊቷ ግን ፈክቷል። አክስት ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ሁለቱም ቀና አሉ፣ ሁለቱም አልጠየቁም።

«አልፌያለሁ» አለች ድንቢጥ። «የቀን ነኝ።»

እናት ስፖንጁን ጣለች፤ በእርጥብ እጇ ልጇን አቀፈቻት፣ ጭንቅላቷን ሳመችው፣ አንድ ጊዜ እልል አለች፤ ከዚያ ራሷ በድምፅዋ ደንግጣ ሳቀች። አክስት እግሯን ማሻሸቷን አላቆመችም። ትንሽ ቆይታ «እንዲያ ከሆነ ወረቀት አምጪና ጻፊ» አለች።

«ምን ብዬ?»

«ጭንቅላት አጣቢ እንፈልጋለን ብለሽ ነዋ። ልምድ ያላት፣ ጸባይ ያላት በይበት። የምታነብ እንዳትሆን ግን። ላንድ ፀጉር ቤት አንድ ይበቃል።»

ድንቢጥ እየሳቀች በትልልቁ ጻፈችው። እናት እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወረቀቱን ከልጇ ተቀበለች፣ ፕላስተሩን ከመሳቢያው አወጣች፣ የት ላድርገው ብላ ሳትጠይቅም ሄዳ የበሩ መስታወት ላይ ለጠፈችው። አክስት ከወንበሯ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች።

«ጠምሟል» አለች።

«ይሁን» አለች እናት፣ እንደጠመመም ተወችው።